ውሉ ሳይነካ የሚለወጥ ዋጋ፦ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጭማሪ እና የእኛ ውሎች

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ጽሑፍ። ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ሰው ከኤሌክትሪክ አቅራቢው ጋር ውል ገብቶ፣ ቆጣሪ አስተክሎ፣ ሂሳቡን በየወሩ እየከፈለ ሳለ አቅራቢው በውሉ መካከል ዋጋ ቢጨምርበት ምን መብት አለው? የውል ሕግን አንድ ሴሚስተር የተማረ ተማሪ ወዲያውኑ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አንቀጽ 1731 ይጠቅሳል። በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻውን ዋጋውን ሊለውጥ አይችልም ይላል። ሕጉን በትክክል ጠቅሷል፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልሰጠም። ደንበኛው ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚገባው ውል በሥራ ላይ ባለው ታሪፍ መሠረት እንዲከፍል ያስገድደዋል እንጂ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብር እንደሚከፍል አይቆርጥም። ዋጋው የተቀመጠው ከውሉ ውጭ፣ በሌላ ሰነድ ውስጥ ነው። ያ ሰነድ ሲለወጥ ውሉ አንድ ፊደል ሳይነካ የደንበኛው ዕዳ ይለወጣል።

ልዩነቱን ለማየት ሌላ የኤሌክትሪክ ውል ከጎኑ እናስቀምጥ። ኢትዮጵያ ከኅዳር 2015 ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ትሸጣለች። የሽያጩ ውል የ25 ዓመት ነው፤ ዋጋውም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ በውሉ ውስጥ ተቆርጧል። በዚያ ውል ላይ አንቀጽ 1731ን የሚመስል ክርክር ማንሳት ይቻላል፤ የሚከበር ቁጥር አለና። የሐይቅ ወፍጮ ቤት ግን የሚያስከብረው ቁጥር በእጁ የለም። ሁለቱም ገዥዎች የሚጠቀሙት ከአንድ የኃይል ቋት የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ አንደኛው የገዛው በዋጋ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በታሪፍ።

ታሪፍ የሚያጸድቀው መንግሥት ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ዘመን አመንጪውም፣ አከፋፋዩም፣ ሂሳብ ሰብሳቢውም አንድ ድርጅት ነበር። በ2006 ድርጅቱ ለሁለት ሲከፈል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ ማዳረሱን ያዙ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ ዛሬ ይህን ሥራ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይሠራዋል። የብሔራዊ መረቡ ታሪፍ ጥናት በተቆጣጣሪው ተመርምሮ በመንግሥት ይጸድቃል። ሂሳቡን የሚሰበስበው ድርጅት ዋጋውን ብቻውን አይወስንም ማለት ነው፤ ይህ ለደንበኛው ጥቅምም ጉዳትም አለው።

አሥራ ሁለት ዓመት የቆመው ቁጥር

ጭማሪው ለምን እንዲህ ከበደ የሚለውን ለመረዳት ወደ 1998 መመለስ ይገባል። በዚያ ዓመት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም 0.2730 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ባለው እርከን 0.3564 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ባለው 0.4993 ብር፣ ከ500 በላይ ለሆነው ደግሞ 0.6943 ብር ነበር። ይህ ቁጥር እስከ ታኅሣሥ 2011 ድረስ አልተነካም። አሥራ ሁለት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት የጤፍ፣ የሲሚንቶና የቤት ኪራይ ዋጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በታኅሣሥ 2011 በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚፈጸም ማስተካከያ ተጀመረ። የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው ደንበኛ፣ በ0.2730 እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው እርከን በአራቱ ዓመት መጨረሻ 0.7670፣ ሦስተኛው 1.6250፣ የመጨረሻው 2.4810 ብር ደረሰ። ሦስተኛው እርከን ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። አራተኛው ዙር የዋለው በታኅሣሥ 2014 ነው። ደሴ፣ ሐይቅና አምባሰል በጦርነት ውስጥ አልፈው ገና መተንፈስ የጀመሩበት ወር መሆኑን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ያስታውሳል።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች በዶላር እንመንዝራቸው፤ ተርባይኑም፣ ትራንስፎርመሩም፣ ቆጣሪውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና። በ1998 መጨረሻ አንድ ዶላር ወደ 8 ብር ከ70 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ከፍተኛው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንግዲህ ወደ 8 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠጋ ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዶላር 28 ብር ገደማ ሲገባ ያው 0.6943 ብር ወደ 2.5 ሳንቲም ወረደ። አራቱ ዓመት ጭማሪ ይህን በከፊል መለሰው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆነ። 2.4810 ብር እንደገና ከ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተመለሰ። አራት ዓመት የተወጣው ዳገት በአንድ ክረምት ተናደ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ፣ በዚህ ጊዜ በየሦስት ወሩ የሚጨምር፣ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ መሐል ነው።

ይህን የዘረዘርሁት ጭማሪውን ለመሟገት አይደለም። የድርጅቱ ወጪ እውነተኛ ነው፤ የደንበኛው ደመወዝ በዶላር አለመሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነገር ነው። ዋጋን አሥራ ሁለት ዓመት አቁሞ ከዚያ በአንድ ጊዜ ማስሮጥ ሰዎች ውላቸውን የሚጽፉበትን ልማድ ያበላሻል። አንድ ትውልድ አከራይ፣ ወፍጮ ባለቤትና ነጋዴ መብራት የማይለወጥ ወጪ ነው ብሎ ማሰብን ለመደ፤ በውሉ ውስጥም ስለ መብራት ምንም ሳይጽፍ መፈረምን ለመደ። ዛሬ የምናየው አብዛኛው ጭቅጭቅ የዚያ ልማድ ውጤት ነው።

አቅራቢውን በተመለከተ ደንበኛው በምን ሊከራከር ይችላል

በአውሮፓ ኅብረት የ2019 (እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሪክ ገበያ መመሪያ መሠረት አቅራቢ ዋጋ ሲለውጥ ለቤተሰብ ደንበኛ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛውም አዲሱን ዋጋ ካልወደደ ውሉን ትቶ መሄድ ይችላል። ይህ ጥሩ መብት ነው። ይሁን እንጂ የመሄድ መብት የሚሄዱበት ሲኖር ብቻ ይጠቅማል። በርሊን ያለ ሰው ሌላ አቅራቢ ጋር ይሄዳል። ሐይቅ ያለ ሰው ከመረቡ ቢወጣ የሚሄደው ወደ ማገዶና ከሰል፣ አቅም ካለው ወደ ጄኔሬተር ወይም ወደ ፀሐይ ኃይል ነው። ስለዚህ ያንን ድንጋጌ ቀድተን ብናመጣው ብዙ አይፈይድልንም፤ ማስታወቂያውን የሚመለከተውን ክፍል ግን አልንቅም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1686 የተዘነጋ ድንጋጌ ነው። አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት አውቆ ሲቀበላቸው ነው ይላል፤ ቀጥሎ ግን አንድ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፦ ሁኔታዎቹ በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ ከሆነ ያስገድዳሉ። ታሪፍ የሚገባው በዚህ በር ነው። «እኔ አልተስማማሁም» የሚለው መከራከሪያ ለዚህ ነው የማይሠራው። የሚሠራው መከራከሪያ ይኸው በር ራሱ ላይ የቆመው ነው፦ የተጠየቅሁት ሂሳብ በእርግጥ ከጸደቀው ታሪፍ ጋር ይስማማልን? የባለሥልጣን ማጽደቅ የሚሸፍነው የጸደቀውን ብቻ ነውና። ከዚያ አንዲት ሳንቲም ቢያልፍ ወደ ተራው የውል ሕግ ተመልሰናል።

ይህ በወረቀት ላይ ጠባብ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰፊ ነው። በጣም የተለመደውን ልጀምር። ቆጣሪ አንባቢው ለሦስት ወራት ሳይመጣ ቀርቶ በአራተኛው ወር መጣ እንበል። ቤተሰቡ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም፣ በመጀመሪያው እርከን ያለ ነው። ቆጣሪው ላይ የተጠራቀመው ግን 180 ነው። ይህ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ከተሰላ ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ወደ ሦስተኛው እርከን ይወጣል። በታኅሣሥ 2014ቱ ሠንጠረዥ ይህ በ0.2730 እና በ1.6250 መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። እርከኑ የተሠራው ለወር ፍጆታ ነው፤ ያልተነበበው ጊዜ በወራቱ ተከፋፍሎ መሰላት አለበት። ደንበኛው እዚህ የሚከራከረው ስለ ዋጋ ጭማሪ ሳይሆን ታሪፉ በትክክል ስላለመተግበሩ ነው። ማስረጃው ደግሞ በእጁ ነው፦ የቀደሙት ወራት ደረሰኞችና የቆጣሪው ንባብ። በየወሩ መጨረሻ የቆጣሪውን ቁጥር ከነቀኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም፤ ለክርክር ጊዜ ግን ከብዙ ምስክር ይሻላል።

ሁለተኛው የዕለቱ ጉዳይ ነው። አዲስ ታሪፍ ከአንድ ቀን ጀምሮ ይጸናል፤ የንባብ ወር ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ቀን አይጀምርም። ከዕለቱ በፊት የተበላ ኤሌክትሪክ በአሮጌው፣ ከዚያ በኋላ የተበላው በአዲሱ ዋጋ መሰላት አለበት። በየሦስት ወሩ የሚለወጥ ታሪፍ ይህን ችግር በዓመት አራት ጊዜ ያመጣዋል። የካርድ ቆጣሪ ያለው ደንበኛ ከዚህ ይድናል፤ ኪሎዋት ሰዓቱን የሚገዛው በገዛበት ቀን ዋጋ ነውና።

ሦስተኛው የደንበኛ ምድብ ነው። የመኖሪያ ቤት፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ታሪፎች የተለያዩ ናቸው። በግቢው ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ወይም ወፍጮውን አቁሞ ቤቱን መልሶ መኖሪያ ያደረገ ሰው በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ ማየት አለበት። ወደ ሌላ ምድብ እንዲዛወር በጽሑፍ ካልጠየቀ የሚያዛውረው የለም። የተጨማሪ እሴት ታክስም በ2016 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ወዲህ በሂሳቡ ላይ የሚታይ በመሆኑ የታሪፍ ጭማሪውንና ታክሱን ለይቶ ማንበብ ይገባል። ብዙ ሰው ሁለቱን ደምሮ «ታሪፍ ጨመረ» ይላል፤ የተሳሳተ ነገር ሲያገኝም አቤቱታውን ወደማይመለከተው ቢሮ ይወስዳል።

አቤቱታው የሚጀምረው በአቅራቢያው ካለው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ነው፤ በ905 የስልክ መስመርም ማመልከት ይቻላል። ከዚያ ወደ ዲስትሪክትና ወደ ክልል ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሰናከሉበትን አንድ ነጥብ ላንሳ። የሚጨቃጨቁበትን ሂሳብ አልከፍልም ብለው መስመሩ ይቆረጥባቸዋል፤ ወይም ደግሞ ዝም ብለው ከፍለው «አንዴ ከፈልሁ» ብለው ይተዉታል። ሁለቱም አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2164 ያልተገባ ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡን እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ድንጋጌ ዕዳ እንደሌለበት እያወቀ በፈቃዱ የከፈለን ሰው ከዚህ ያስወጣል። ስለዚህ የሚከፍል ሰው በፈቃዱ አለመክፈሉን ማሳየት አለበት። «መስመሩ እንዳይቆረጥብኝ ከፍያለሁ፤ በሂሳቡ አልስማማም፤ እንዲታረም ጠይቄአለሁ» የሚል ማመልከቻ ቢሮው ተቀብሎ ቅጂው ላይ ማኅተም ካሳረፈበት ሁለት መስመር ይበቃል።

ሁለተኛው ውል

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ደንበኛውና ስለ አቅራቢው ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ግን እዚያ አይመስለኝም። ደንበኛው ራሱ ከሌላ ሰው ጋር ውል አለው፤ ታሪፉ ሲለወጥ ያ ሁለተኛው ውል አይለወጥም። ከላይ እንዳየነው የመጀመሪያው ውል ዋጋ የለውም፤ ሁለተኛው ግን ዋጋ አለው። ሰውየው በሁለቱ መካከል ይጨፈለቃል።

በመጀመሪያ አከራይና ተከራይን እንመልከት። በከተሞቻችን አንድ ቆጣሪ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ያገለግላል። ሁለት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁለቱም በድጎማው እርከን በሆኑ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 90 ሆነው ይመዘገባሉ፤ ቢያንስ ከ50 በላይ ያለው በሁለተኛው እርከን ይታሰባል። ለድሃ ታስቦ የተቀመጠው እርከን ድሆች አንድ ላይ ስለኖሩ ያመልጣቸዋል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ካለማ ነገሩ ይብሳል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አምፖል ሳይበራ፣ እንጀራ ብቻ ተጋግሮ፣ የመጀመሪያው እርከን አለፈ።

ኪራዩ «መብራትና ውኃን ጨምሮ» ተብሎ በአንድ ቁጥር የተጻፈ ከሆነ ጭማሪው የአከራዩ ነው። አንቀጽ 1763 እና 1764 የውል አፈጻጸም ሁኔታ ቢለወጥና የአንዱ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላሉ፤ ዳኛውም በርትዕ ምክንያት ውሉን እንዳያሻሽል፣ ሕግ በግልጽ ከፈቀደው በቀር፣ ይከለክሉታል። በተቃራኒው ስለ መብራት ምንም ካልተጻፈና አከራዩ በየወሩ የፈለገውን እየደመረ የሚጠይቅ ከሆነ ተከራዩ የጠቅላላውን ሂሳብ ደረሰኝና የራሱን ድርሻ ስሌት እንዲያሳየው መጠየቅ ይችላል። ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ይህን ጭቅጭቅ በአብዛኛው ያቆመዋል፤ የእርከኑን ችግር ግን አይፈታም። ለእርከኑ መፍትሔው የተለየ ቆጣሪ ማስፈቀድ ነው።

ወደ ከባዱ ምሳሌ ልሂድ። ለዩኒቨርሲቲ እንጀራ የሚያቀርብ የእናቶች ማኅበር አለ እንበል። ውሉ የአንድ በጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፤ የእንጀራው ዋጋ ተቆርጧል። ማኅበሩ አሥር ምጣድ አለው፤ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ይጋግራሉ። 3.5 በ10፣ በ8፣ በ26 ስናባዛ በወር 7,280 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። አንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ቢያወጣ በወር 41,600 እንጀራ ይሆናል። ለአንድ እንጀራ 0.175 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ ታሪፉ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ብር ቢጨምር የእያንዳንዱ እንጀራ ወጪ በ17.5 ሳንቲም፣ የማኅበሩ የወር ወጪ በ7,280 ብር ያድጋል። በሳንቲም ትርፍ ለሚሠሩ እናቶች ይህ የሁለት ወይም የሦስት አባላት የወር ገቢ ሊሆን ይችላል። ታሪፉ በየሦስት ወሩ የሚወጣ ከሆነ በአንድ የውል ዘመን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይነካቸዋል።

እነዚህ እናቶች ፍርድ ቤት ቢሄዱ ምን ያገኛሉ? መልሱ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከማን ጋር እንደተዋዋሉ፣ ሁለተኛው መቼ እንደተዋዋሉ ነው።

ከማን ጋር የሚለውን ለመረዳት ወደ ፈረንሳይ መሻገር ያስፈልጋል፤ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ናቸውና። በፈረንሳይ ሁለት ውሳኔዎች ጎን ለጎን ይጠቀሳሉ። በ1876 (እ.ኤ.አ.) የሰበር ችሎቱ የክራፖን ቦይን ጉዳይ አየ፤ የመስኖ ውኃ ዋጋ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቆረጠ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ያ ሳንቲም ቦዩን ለመጠገን እንኳን አይበቃም ነበር። ችሎቱ ግን ጊዜ ምንም ያህል ቢያልፍ ዳኛ ውል አይለውጥም አለ። አንቀጽ 1763 እና 1764 የዚህ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1916 (እ.ኤ.አ.)፣ የአስተዳደር ጉዳዮች ከፍተኛ ችሎት የቦርዶን የጋዝ ኩባንያ ጉዳይ ዳኘ። ኩባንያው የከተማዋን መብራት በተቆረጠ ዋጋ ሊያቀርብ ተዋውሎ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የከሰል ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲወጣ ሊከስር ሆነ። ችሎቱ አገልግሎቱ ለሕዝብ መቋረጥ የለበትም፤ ስለዚህ ኩባንያው ይቀጥል፣ ከተማዋም የኪሳራውን ድርሻ ትካፈል አለ። ይህም በሕጋችን ገብቷል፤ በአስተዳደር ውሎች ክፍል ከአንቀጽ 3183 ጀምሮ ስላልታሰቡ ሁኔታዎች የተደነገገው ነው። አንቀጽ 1767ም ከመንግሥት አስተዳደር ጋር የተደረገ ውል በባለሥልጣን ውሳኔ ምክንያት ሲከብድ ፍርድ ቤት ሊያሻሽለው እንደሚችል ይናገራል።

ስለዚህ ያው ማኅበር እንጀራውን ለግል ሆቴል ቢያቀርብ የክራፖን ቦይ ዕጣ ይደርሰዋል፤ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲያቀርብ ግን የቦርዶን መንገድ ለመሞከር ይችላል። ውሉ በእርግጥ የአስተዳደር ውል ነውን የሚለው በአንቀጽ 3132 መመዘኛዎች የሚመረመር ክርክር ነው፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ለእኔ ለብዙ ሺህ ተማሪዎች የዕለት ምግብ ማቅረብ ከሕዝባዊ አገልግሎቱ ጋር የተቆራኘ ስለመሆኑ ጥሩ ነጥብ ያለው ይመስለኛል። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

መቼ የሚለው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። አንቀጽ 3183 ያልታሰበ ሁኔታን ይፈልጋል። ውሉን በሐምሌ 2016 መጀመሪያ የፈረመ ማኅበር አዲሱ ታሪፍ አልታሰበኝም ሊል ይችላል። ከመስከረም 2017 በኋላ የፈረመ ግን አይችልም፤ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንደሚወጣ አስቀድሞ ተነግሯልና። የተነገረ ጭማሪ ያልታሰበ ሁኔታ አይደለም። መንግሥት የጭማሪውን ሰሌዳ አስቀድሞ ማሳወቁ መልካም ነው፤ ከሕግ አንጻር ግን አደጋውን ሁሉ ዛሬ ወደሚፈርመው ሰው ያሻግራል። ከዚህ ወዲህ ስለ መብራት ሳይጽፍ የሚፈርም አቅራቢ የሚከራከርበት ምንም ነገር አይኖረውም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ለማኅበሩ ያሰላነውን ቁጥር ተጠቅመን ይህን የመሰለ ድንጋጌ ማርቀቅ ይቻላል፦ «የአንድ እንጀራ ዋጋ የተሰላው ይህ ውል በተፈረመበት ዕለት በሥራ ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ነው። ታሪፉ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ብር ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የአንድ እንጀራ ዋጋ በ17.5 ሳንቲም ይስተካከላል፤ ከአንድ ብር ላነሰ ወይም ለበለጠ ለውጥ በዚሁ መጠን ይሰላል። ማስተካከያው አዲሱ ታሪፍ ከጸናበት ዕለት ጀምሮ ይሠራል፤ አቅራቢው የታሪፍ ማስታወቂያውንና የወሩን ሂሳብ ያቀርባል።» ድንጋጌው ቅነሳንም ስለሚያካትት ገዥው በአንድ ወገን የተጫነበት አይሆንም። ከጤፍ ዋጋ ጋር አልተደባለቀም፤ የጤፉ በሌላ አንቀጽ ይሂድ። ቀመሩ ደግሞ የገዥው ኦዲተር በካልኩሌተር ሊያረጋግጠው የሚችለው ነው። የግዥ ክፍሎች ለእንዲህ ያለ አንቀጽ በራቸውን እንደሚዘጉ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ጨረታው ከመከፈቱ በፊት፣ በማብራሪያ ጥያቄ መልክ መቅረብ ያለበት ለዚህ ነው። ከአሸናፊነት በኋላ የሚመጣ ጥያቄ እንደ ልመና ይታያል።

በድንጋጌው ውስጥ «ይስተካከላል» ማለቴን ልብ በሉ። ብዙ ውሎች «ሊስተካከል ይችላል» ይላሉ። ከዚህ አዳራሽ ወደ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የተበላሸው በዚህችው ልዩነት ነው፤ አማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ሊገናኙ «ይችላሉ» የሚል ሲሆን የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት ነበር። የእንጀራ ውል ጦርነት አያመጣም። ቢሆንም «ሊስተካከል ይችላል» የሚል አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ማኅበር ዋጋው እንዲስተካከል የመጠየቅ መብት እንጂ የማስተካከል መብት እንደሌለው ይነገረዋል። ያን ጊዜ አንቀጹ ባይጻፍም ኖሮ ከዚህ የተለየ ውጤት አይኖረውም ነበር።

ለወፍጮ ቤቶች፣ ለብረትና ለእንጨት ሥራ ማኅበራት፣ እንዲሁም በሐይቁ ዙሪያ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚያለሙ ገበሬዎች ያው ስሌት በየራሳቸው መለኪያ ይሠራል፤ ለአንድ ኩንታል፣ ለአንድ በር ወይም ለአንድ ጥማድ መሬት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ ለአንድ ወር መዝግቦ ማወቅ ነው። የሕግ ተማሪዎቻችን በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ለሚመጡ ሰዎች ይህን ቁጥር አብረው እንዲያወጡላቸው እጠይቃለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ደረሰኝ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።